ለአሥራ ስድስት ሲካፈል

ውይይት ታክሲ ውስጥ ከፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያወራሉ።

«ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ድምፁ ቢጠፋብኝ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ሄድኩ።»

«በስሙ አስቆጠሩለት?»

«በውትድርና ቁጥሩ። እዚያ የሚጠሩት በሱ ነው። ሦስት መቶ ስድሳ ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ አንድ። የኮልፌው ለአሥራ ሁለት አካፈለው፤ አንድ ቀረ፣ ይመለሳል አለኝ። የዘነበወርቁ ለዘጠኝ አካፈለው፤ እሱም አንድ ወጣለት፣ ይመለሳል አለ። ሁለቱ አይተዋወቁም እኮ።»

ተማሪዋ ትንሽ አሰበች።

«አባባ፣ ይሄ የቁጥሩ ጠባይ ነው። ሦስት መቶ ስድሳ ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ እስከ አሥራ አምስት ላለው ቁጥር ሁሉ እኩል ይካፈላል፤ ክፍል ውስጥ ሠርተነዋል። የልጅዎ በአንድ ስለሚበልጠው ሁልጊዜ አንድ ይቀራል።»

«ማንም ቢቆጥረው?»

«ማንም ቢቆጥረው።»

«ለአሥራ ስድስትስ?»

በጣቷ መዳፏ ላይ ሠራችው።

«ዘጠኝ ይቀራል።»

«ዘጠኝ ምን ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ አባባ። ዘጠኝ ነው፣ በቃ።»

«ለአሥራ ስድስት የሚያካፍል ደግሞ ሰምቼ አላውቅም» አሉ ሽማግሌው።

የእኔንም ልጅ የውትድርና ቁጥር በልቤ ለአሥራ ሁለት ሳካፍል፣ መውረጃዬን አሥራ ስምንት ማዞሪያን አለፍኩት።