ሣጥን ውስጥ የሻገቱት ማይክሮስኮፖች

የኮሌጁ አናጢ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከመዝሙር መጽሐፍ ነው እንጂ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ስለዚህ የተማሩ ሰዎች ሲከራከሩ መጋዜን አስቀምጬ መስማት ልማዴ ነው። በዚያ ማክሰኞ ዝናቡ እኔን፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊውን ባባ ፋዲፔንና ወጣቷን የሥነ ሕይወት አስተማሪ ሞሬኒኬን አንድ በረንዳ ላይ ሰበሰበን።

«ደህና ዋሉ ባባ» አለች ሞሬኒኬ፣ እንደ አገራችን ወግ ለሽማግሌ ተንበርክካ።

«ደህና ዋልሽ ልጄ። የመጣሽው ለቁልፉ ከሆነ ሰላምታሽን ብቻ ተቀብያለሁ።»

«ለቁልፉ ነው።»

«እንግዲያው እስኪያባራ ስለ ሌላ እናውራ።»

«ሌላ ወሬ የለኝም! ሰኔ ላይ ዲግሪያችንን ከሚሰጠው ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ፈታኝ አሥራ ሁለቱን ተማሪዎቼን ማይክሮስኮፕ ፊት ያስቀምጣቸዋል። ከወደቁ ክፍሉ ይዘጋል ተብሎ ተጽፎልናል። ልጆቹ እስከ ዛሬ ያዩት እኔ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሳልኩላቸውን ነው። አራቱ ማይክሮስኮፖች ግን ይኸው ከጀርባዎ ተቆልፈዋል!»

«ተጠበቁ በይ። በየዓርቡ ነሐሳቸውን እወለውላለሁ። እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ያይበታል።»

«ፊት ለማየት መስታወት ገበያ ሞልቷል፣ ባባ!»

ሽማግሌው አልሳቀም። ድምፁ ወፈረ።

«ስሚ። ኮሌጁ ገና ትንሽ ትምህርት ቤት ሳለ፣ አንቺም ሳትወለጂ፣ አንድ የማይክሮስኮፕ መስታወት ተሰነጠቀ። ማን እንደሰነጠቀው ዛሬም አላውቅም። የያኔው እንግሊዛዊ ፕሮፌሰር ተማሪ ፊት አቁሞኝ ‹የእነዚህ እጅ ለመጥረቢያ እንጂ ለመስታወት አልተፈጠረም› አለ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ እጅ የተሰበረ ዕቃ የለም። አንድም!»

ቁጣ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ደሜ ፈላ። የፈላው በሽማግሌው አልነበረም። ያ ቃል ስንት ዓመት ሙሉ በሰው ሆድ ውስጥ ሲኖር ማየቴ ነው ያናደደኝ።

ሞሬኒኬ ተነሳች። «ያ ሰውዬ ስድቡን ጥሎ አገሩ ገባ። እርስዎ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ቆልፈው ይጠብቁለታል!»

«እኔ?» ባባ ፋዲፔ ቁልፉን ከወገቡ በጠሰው። «ነይ ግቢ! የጠበቅኩት ምን እንደሆነ በዓይንሽ እዪ!»

ሣጥኑ ሲከፈት ነሐሱ አንጸባረቀ። እሷ ግን ነሐሱን አላየችም። የአንዱን መስታወት ነቅላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው፤ ከዚያ ለእኔ አቀበለችኝ። እንደ ሥር የተጠላለፈ ነጭ ክር መስታወቱን ወርሶታል።

«ሻጋታ ነው» አለች፣ ቁጣዋ ወደ ሐዘን እየተለወጠ። «ጨለማና እርጥበት ይመቸዋል። የዝናብ አገር ሣጥን ደግሞ ቤቱ ነው።»

የአሁኑ ፕሮፌሰር ለረጅም ዕረፍት አገሩ ሊገባ ቤቱ ጓዙን ይሸክፍ ነበር። ሞሬኒኬ ከቢሮው የእሱን ማይክሮስኮፕ ይዛ መጣች። በየቀኑ መስኮት ሥር ሲሠራበት የኖረ ነው፤ መስታወቱ ጥርት ብሏል። ከአሸንዳው ውሃ ጠብታ በቁራጭ ብርጭቆ ላይ አድርጋ ከሥሩ አኖረች።

«ይዩ፣ ባባ።»

«እኔ ጠባቂ ነኝ…»

ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀንም አጎንብሶ አላየም! አሁን አየ። ቆየ። ከዚያ ቀና አለ።

«በጠብታው ውስጥ ጥቃቅን ፍጥረታት ይዋኛሉ» አለ። «እኔ የቆለፍኩት ይህን ነው?»

ከአራቱ ሁለቱ ተጠርገው ዳኑ፤ የቀሩትን ሻጋታው እስከ ውስጥ በልቷቸዋል። እኔ በሩ ወንፊት የሆነ፣ ከሥሩ አምፖል ሁልጊዜ የሚበራበት ቁም ሣጥን ሠራሁ፤ ሙቀቱ እርጥበቱን ያባርራል። የፕሮፌሰሩ ተጨምሮ በሦስት ማይክሮስኮፕ ተማሪዎቹ ከንጋት ጀምሮ ተፈራረቁ። የፕሮፌሰሩ መስታወት ተቧጨረ፤ ሰማይ ግን አልተደፋም። የሰኔውን የማይክሮስኮፕ ፈተና አሥራ አንዱ አለፉ፤ ክፍሉም አልተዘጋም። የወደቀው ልጅ ዛሬም ተራ ጠብቆ ይለማመዳል። ዕቃ የሚከበረው ሲሠራበት መሆኑን፣ እጅም የሚለምደው ሲነካ መሆኑን ከዚህ ተማርኩ።

ፕሮፌሰሩ ከዕረፍት ተመልሶ ጭረቱን አየ። ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ «ይህን እንዲነኩ ማን ፈቀደ?» አለ።

ሞሬኒኬ አፏን ሳትከፍት ባባ ፋዲፔ ፊቱ ቆመ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እሱን ተማሪዎቹ ሲማሩ ቧጨሩት።» ከዚያ የሻገቱትን ሁለቱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። «እነዚህን ደግሞ ይዩልኝ። እነዚህን ማንም አልነካቸውም።»