ተበላሸ የተባለው ናሙና

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው አክስታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከነርስ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የቆለፉትን በር ተመልሰው ሳይነኩ የማይተኙ ስለነበሩ የወጣላቸው «ድገሙት» የሚለው ቅጽል ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ኖሯል።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው በሆስፒታል ላቦራቶሪ ከተቀጠሩ በኋላ፣ የደም ካንሰር ለያዛቸው ወጣቶች ጤነኛ መቅኔ የሚለግሳቸውን ሰው በደም ምርመራ እያመሳከሩ በመምረጥ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። ተስማሚ ተገኘ ተብሎ ሁሉም ሲደሰት እርሳቸው ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እያሉ እንደገና ያስመረምሩ ነበር። ከሰዓት ሠሪ ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀልሰው አንዲት ሴት ልጅ ያፈሩ ሲሆን፣ ባለቤታቸውም በቤታችን ካሉት ሰዓቶች ሁሉ አንድም ቀን ያልቆመችው ሚስቴ ናት እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ጭንቁ የመጣው የወንድማቸው የመጨረሻ ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቷ በዚሁ ሕመም በተያዘች ጊዜ ነው። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቿ ደም ሰጥተው ሁለቱም ፍጹም ተስማሚ ናቸው ስለተባለ ቤተሰቡ እፎይ አለ፤ ሐኪሞቹም በሰውነቱ ደንዳና የሆነውን ታላቁን መረጡ። አክስታችን ግን ሁለቱ ናሙናዎች ከአንድ ክንድ የተቀዱ እስኪመስሉ ድረስ ተመሳስለውባቸው ልባቸው አልቀበል አላቸው። በማግስቱ ለልጅቱ የሚጀመረው ብርቱ መድኃኒት የገዛ መቅኔዋን የሚያጠፋ በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲያ ለጋሹ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ መመለሻ አልነበረም። ስለዚህም የወንድማቸውን ልመናና ቁጣ ችለው መድኃኒቱ ለአምስት ቀን እንዳይጀመር አስደረጉ፤ የልጅቱ ትኩሳት በወጣ ቁጥርም እኔ ነኝ ሕክምናዋን ያዘገየሁባት እያሉ እህል ከአፋቸው ሳይገባ ሰነበቱ።

ታላቁን ወንድም ብቻውን ጠርተው አዲስ ደም ሊቀዱት መርፌውን ሲያነሡ ላብ አጠመቀው። መርፌ አጥብቆ ስለሚፈራ ታናሹ አዝኖለት፣ ተረኛው ሠራተኛ በተለወጠ ሰዓት ተመልሶ በታላቁ ስም መቀዳቱን፣ ዕጣው በታናሹ ላይ ይወድቃል ብለው ተስፋ ማድረጋቸውን፣ ታላቁ ከተመረጠ በኋላም ሁለቱም አፍረው መደበቃቸውን ተናዘዘ። ደሙ ሲመረመርም ከእኅቱ ጋር ጨርሶ የማይገጥም ሆኖ ተገኘ። አክስታችን እውነቱን ለሐኪሙ ብቻ ነግረው፣ ለቤተሰቡ ግን ናሙናው በእኔ እጅ ተበላሸ አሉ። ታናሹ ለገሰ፤ ልጅቱም ዳነች። ወንድማቸው ግን በቸልተኝነት ልጄን ልትገድላት ነበር ብለው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደጃቸውን ሳይረግጡ ቀሩ፤ እርሳቸውም በአንዲት ቃል እንኳ ሳይከላከሉ ያን ስም ተሸክመው ኖሩ።

በልብ ሕመም በተያዙ ጊዜ የምርመራ ውጤታቸው እንዲደገም ጠይቀው፣ ተደግሞም ያው ሲሆን፣ ወረቀቱን አጥፈው ትራሳቸው ሥር አስቀመጡት። ባለፈው ማክሰኞ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ዛሬ መምህርት የሆነችውን የወንድማቸውን ልጅ፣ ለጋሹን ታናሽ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ገመናውን የሸፈኑለትን ያን ታላቅ፣ ይኸውም ይህን የሚያነብላችሁን ሰው ትተው አልፈዋል። አባቴ ይስሙኝ፤ ናሙናው አልተበላሸም ነበር። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ስማቸውን ግን የወሰድንባቸው እኛ ነንና እኛው እንመልስላቸው።