ማንም ያልሞተበት ጉዞ

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 መጀመሪያ ላይ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ወደ ፔፕ ስቴሽን በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከኋላ ወንበር ላይ ጎረቤቴን አቶ ሀብተማርያምን ከልጃቸው ከጸዮን ጋር ተቀምጠው አየኋቸው። አንገታቸው ላይ ጥቁር ከረባት አስረዋል፤ ጭናቸው ላይ ደግሞ ከላውንደሪ የወጣ ጥቁር ሱፍ ከነላስቲኩ አስቀምጠዋል። እኔም እንደ ወጉ አንገቴን ደፋ አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ማን ሞተብዎ?» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እግዜር ይመስገን፣ ማንም አልሞተብኝም።»

«ታዲያ ጥቁር ልብሱ?»

«ለመንገድ ነው። ጃማይካ ሂድ እየተባልኩ ነው» አሉና ልጃቸውን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ጸዮን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ነርስነት ትማራለች። በሰባት ዓመቷ ነው ከሱዳን የመጣችው፤ አማርኛዋ እንግሊዝኛ ካልደገፈው አይቆምም። እኔ ደግሞ ደሴ ሳለሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ ለአዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሳልጠየቅ መምከር አመሌ ነው፤ ያን ቀን ግን ተጠየቅሁ።

«መምህር፣ ፕሊስ እርስዎ ይፍረዱን» አለችኝ። «ለእሱና ለእማዬ ዋን ዊክ ቡክ አደረግኩላቸው። ቫኬሽን። እሱ ግን ለጋሽ ካሳዬ ኮል አድርጎ ለቅሶ ልሄድ ነው አለው።»

«ለቅሶ የሚል ቃል ካፌ አልወጣም» አሉ አቶ ሀብተማርያም። «ጃማይካ ልሄድ ነው አልኩት። ‹ምነው፣ ደህና?› አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ውሸት ነው፣ መምህር? ከዝምታዬ ውስጥ ሬሳ ያወጣው እሱ ነው።»

አቶ ካሳዬ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። የሞት ወሬ አንዴ እሳቸው ጆሮ ከገባ ጎረቤት ሰፈር ፍሌሚንግደን ፓርክ ለመድረስ አውቶቡስ አይጠብቅም።

«እውነቱን ቢነግሯቸው ምን ነበረበት?» አልኩ።

«ምን ብዬ? ‹ሳልታመም፣ ዘመድ ሳይሞትብኝ፣ የጠራኝም ሰው ሳይኖር ባሕር ዳር ልጋደም ልሄድ ነው› ልበለው? ሰው ሩቅ አገር የሚሄደው ወይ ለለቅሶ፣ ወይ ለሰርግ፣ ወይ ለስለት ነው። አራተኛ ምክንያት አላውቅም።»

«አራተኛው ሬስት ነው፣ አባዬ።»

«ሬስትማ ቤቴ ሶፋ ላይም አለ።»

«እማዬ ሶፋ ላይ ተቀምጣ አይተሃት ታውቃለህ?» አለችው ጸዮን። አቶ ሀብተማርያም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መስኮቱ ደግሞ በበረዶ ተሸፍኖ ስለነበር የሚታይ ነገር አልነበረውም።

የነገሩ እምብርት ይህ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አጸደ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ወለል ሲወለውሉ ኖረዋል፤ ቅዳሜ ደግሞ ተጨማሪ ሺፍት አላቸው። ወገባቸው ከከዳቸው ሰንብቷል። ሐኪማቸው ዕረፍት ካልወሰድሽ አንድ ቀን ተጎንብሰሽ መነሳት ያቅትሻል ብሎ ወረቀት ቢጽፍላቸው፣ ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፈው ወደ ሥራ ሄዱ። ጸዮን ለምና፣ ተቆጥታ፣ በመጨረሻም አልቅሳ እሺ አሰኘቻቸው። ነገር ግን ሀብቴ ካልሄደ አልሄድም ብለዋል። አቶ ሀብተማርያም ደግሞ በዚያች ሰዓት ወደ ትኬት ቢሮው የሚሄዱት ሊሰርዙት ነው። ሱፉን ለምን እንዳጠቡት ስጠይቃቸው፣ ምናልባት ሐሳባቸውን ከቀየሩ ሰው ሲወጡ ቢያያቸው እንዳያፍሩ ነው አሉኝ። ስለዚህ ተስፋ እንዳለ ገባኝ።

«ለመሆኑ የት ነው የሚያርፉት?» አልኩ።

«እሱን ስሙልኝ» አሉ ሞቅ ብለው። «የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ሆቴል የለውም። የማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ፣ አልጋው ላይ ተኝቼ፣ ምግቡን በልቼ፣ ስወጣ ልከፍለው ነው። ይሄ እኮ ስድብ ነው፣ መምህር። ባለቤቱ ከእንግዳው ገንዘብ ሲቀበል እንዴት ዓይኑን ያያል?»

«አባዬ፣ መንደሩ ራሱ ነው እንደዚያ የፈለገው» አለች ጸዮን። «ትልቅ ሆቴል ሊሠሩ መጡ፣ ሰዎቹ ኖ አሉ። ቢች የሁላችን ነው አሉ። ኮሚቴ አላቸው። እንግዳ ሲመጣ በተራ በተራ ይቀበላሉ። ገንዘቡ ለቤቱ ነው፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ለስኩሉና ለክሊኒኩ ይሰጣሉ። ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ከተማ አይሄዱም።»

አቶ ሀብተማርያም ወደ እሷ ዞሩ። «እድር ነው በይኛ።»

«ታዲያስ?» አልኩ እኔ ዕድሉን ሳላሳልፍ። «ልዩነቱ የእነሱ እድር የሚሰበሰበው ሰው በሕይወት እያለ መሆኑ ነው። እኛ አንድ ሰው ሲሞት መቶ ሰው ሥራ ያስቀራል። ያ ሰው ከመሞቱ በፊት አንድ ሳምንት ቢተኛ ግን ሰነፍ እንለዋለን። እኔ አጸደን ለመቅበር ሥራ ለመቅረት ዝግጁ ነኝ፤ እርስዎ ግን እሷን ለማሳረፍ ሥራ መቅረት አፈሩ።»

ይህን ስል ደንገጥ አሉ፤ እኔም ደነገጥኩ፤ አነጋገሬ ከልክ አልፎ ነበር። ጸዮን እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ዕረፍት ወስደው ያውቃሉ?» አሉኝ ረጋ ብለው።

እውነቱን ለመናገር በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከቶሮንቶ የወጣሁት ናያግራን ለማየት ብቻ ነው፤ እሱንም ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ለማሳየት። ይህን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ፔፕ ስቴሽን ስንደርስ ሱፋቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ጥየቃ ነው ብዬ እሄዳለሁ» አሉ። «ዕረፍት የሚል ቃል ግን ማንም እንዳያነሳብኝ።» ለካሳዬ እውነቱን ይንገሩ ብላቸው፣ ስመለስ አሉኝ።

በሳምንቱ ሄዱ። በተመለሱ ማግስት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አቶ ካሳዬ ደወሉልኝ፤ እድሩ ሊያስተዛዝን ስለሆነ እንዳልቀር። እኔም እውነቱን ሳልነግራቸው እሺ ብዬ ወጣሁ።

አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሳሎን ጢም ብሏል። ሴቶቹ ጥቁር ነጠላ አጣፍተዋል፤ ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ኩሽናው በፎይል በተሸፈነ ምግብ ተሞልቷል። አቶ ሀብተማርያም መሃል ተቀምጠዋል፤ የጃማይካ ፀሐይ ፊታቸውን አክስሎታል።

«ሀዘኑ እንዴት እንዳጠቆረው አየሽ?» አለች አንዷ ለጎረቤቷ።

«እሷስ፣ ዕንባዋ አልቆ ፈዛለች» አለች ሌላዋ ወይዘሮ አጸደን እያየች። ወይዘሮ አጸደ ግን አልፈዘዙም፤ ፊታቸው ጠግቦ እንደተኛ ሰው ፊት ነበር። ይህን ፊታቸውን አይቶ የሚያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ ስላልነበረ ነው ሀዘን የመሰለው።

አቶ ካሳዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እግዜር ያጥናችሁ። ለመሆኑ ሟቹ ምንህ ነበሩ?» አሉ።

ጸዮን ከኩሽናው በር ላይ አባቷን አየች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አቶ ሀብተማርያም ተነሱ።

«ወገኖቼ፣ ማንም አልሞተም። ባለቤቴን ላሳርፍ ነው የሄድኩት። ይህን ለመናገር አፍሬ እናንተን ጥቁር አስለበስኳችሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

አንድ ሰው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አሉ አቶ ካሳዬ። «ከስካርበሮ በሁለት አውቶቡስ የመጣ ሰው አለ እኮ።»

«እንኳን መጣ። መስማት ያለበት እሱ ነው።» አቶ ሀብተማርያም እንደቆሙ ቀጠሉ። «ያረፍነው ሚስተር ዴዝመንድ ከሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅና ከሚስታቸው ከሚስ ፐርል ቤት ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ሱፌን ለብሼ ባሕሩ ዳር ተቀመጥኩ። ፓስተር መስያቸው አዲስ ጀልባ ባርክልን አሉኝ። አባታችን ሆይ ብዬ ባረክሁ፤ ምን ላድርግ?»

አሁን ሳቁ በግልጽ መጣ።

«በነጋታው ማልጄ ተነሥቼ ግቢያቸውን ጠረግሁ። ያለ ሥራ መብላት አልቻልኩም። ሚስ ፐርል መጥረጊያውን ነጠቁኝ። ‹ይሄ የጎረቤቴ ልጅ ሥራ ነው፤ አንተ በነጻ ከጠረግህ እሷ ምን ትበላለች?› አሉኝ። ስከፍል ስድብ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የሰደብኳቸው በነጻ ላገለግል ስል ነው። እዚያ አንዱ ጀልባ ያወጣል፣ አንዷ ዳቦ ትጋግራለች፣ አንዱ እንግዳ ይዞ የመንደሩን ወንዝ ያሳያል። ማታ አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ትምህርት ቤታቸው ጣሪያ ይነጋገራሉ። ባሕሩን ማንም አላጠረውም። ልጆቻቸው አጠገባቸው ናቸው።»

«መልካም፣ መንደሩ ጥሩ ነው» አሉ አቶ ካሳዬ። «ግን እኛ ሠራተኛ ሰዎች ነን። አገር ቤት የሚጠብቀን ዘመድ እያለ ባሕር ዳር መተኛት አይከብድም?»

«ለእኔም ከብዶኝ ነበር። በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አጸደን ፈልጌ አጣኋት። ከቤቱ ኋላ፣ ዛፍ ሥር፣ ምንጣፍ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ዓይኗ ተከድኗል፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ታመመች ብዬ ሮጬ ግንባሯን ዳሰስኩ። ትኩሳት የላትም። ሚስ ፐርል መጥተው፣ ‹ምን ሆነሃል? ተኝታ ነው እኮ› አሉኝ።»

እዚህ ላይ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ወገኖቼ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር አጸደ ስትተኛ አይቼ አላውቅም። ከእኔ በፊት ትነሣለች፣ ከእኔ በኋላ ትተኛለች። የተኛችን ሴት ከታመመች ሴት መለየት አቃተኝ። አጠገቧ ተቀምጬ እስክትነቃ ድረስ ዝንብ ስከላከል ዋልኩ። ይህን ሳላይ ብሞት ኖሮ ምን ብላችሁ ትቀብሩኝ ነበር? ጥሩ ባል ነበር ብላችሁ ነዋ።»

ከሴቶቹ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ለቅሶ ቤት ሆኖ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድም ሰው አላለቀሰም ነበር።

እኔም ዝም ማለት ስለማልችል ተነሣሁ። እድራችን ሰው ሲሞት ምግብ ያበስላል፣ ሺፍት ይሸፍናል፣ ልጅ ይጠብቃል፤ ሰው በሕይወት እያለ ይህንኑ ቢያደርግ ምን ይከለክለዋል? አንዷ እናት አንድ ሳምንት ስትሄድ ሌሎቻችን ልጆቿን ብንይዝ፣ ወገቧ ይድናል፣ ሐኪም ቤት ከመመላለስ ትገላገላለች፣ ባሏም ሚስቱን ያውቃታል። በዚያ በኩል ደግሞ እኛን የተቀበለው መንደር ልጆቹን አጠገቡ ያኖራል። ስንፍና የሚባለው የሰው ድካም እያዩ ዝም ማለት ነው አልኩ። ንግግሬ ረዘም ብሎ ነበር፤ ጸዮን ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች።

አቶ ካሳዬ ግን አዳመጡኝ። «ያ መንደር ለሁለት ሰው ሌላ ቤት አለው?» አሉ። ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ኮሚቴውን ኮል አደርግልዎታለሁ፣ ጋሽ ካሳዬ» አለች ጸዮን።

«እንግዲህ ምግቡ ቀርቷል እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከጥግ። ወይዘሮ አጸደ እንደ ልማዳቸው ሊነሡ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ተደገፉ። አቶ ሀብተማርያም ትከሻቸውን ነካ አደረጓቸው።

«ተቀመጪ፣ እኔ አቀርባለሁ።»

ወይዘሮ አጸደ ተመልሰው ተቀመጡ። ይህን ያዩት የአቶ ካሳዬ ባለቤት፣ ወደ ኩሽና ለመሄድ ተነሥተው የነበሩት፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎናቸው ተቀመጡ። ቀጥሎ ሦስተኛዋ፣ ከዚያም ሁሉም ሴቶች ተቀመጡ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያየን። በመጨረሻ አቶ ካሳዬ ኮታቸውን አውልቀው አቶ ሀብተማርያምን ተከትለው ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ሁሉንም ቁም ሣጥን እየከፈትን ዘጋን። አቶ ሀብተማርያም በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል፤ ሳህኑ የት እንደሚቀመጥ ግን አያውቁም ነበር።

«ከላይ፣ በስተግራ» አሉ ወይዘሮ አጸደ ከሳሎን፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ።