መሳቢያ ውስጥ የከረመ ፖስታ

ክቡር ዳይሬክተራችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የምርመራ ክፍል ልጆቼ፤ ወንበር ደርድራችሁ፣ ኬክ አሠርታችሁ በጡረታ ሽኝቴ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ «እማ መዝገብ» ብላችሁ ማስጻፋችሁ አስቆኛል። ዛሬ መሳቄ ራሴንም ገርሞኛል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የናሙና መዝገብ ይዣለሁ። ከሰው ገላ የተቆረጠች ቁራጭ በብልቃጥ ትመጣለች፣ እኔ ቁጥር እሰጣታለሁ፤ ውጤቷ በወጣበት ቀን ለባለቤቷ እደውላለሁ። በዚያው ቀን! «ነገ ይደርሳል» የሚለኝን ምን እለው ነበር? «አንተ ተኝተህ ታድራለህ፤ እሷስ?»

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ወንዶቹ ካፈራችሁ ኬኩን እያያችሁ ስሙኝ። ብልቴ አካባቢ ያለው ቆዳ ነጥቶ፣ ሳስቶ፣ ዓመት ሙሉ ሲያሳክከኝ ከረመ። የእርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ስንቷን አሮጊት «እናቴ፣ ምን ያሳፍራል? ቶሎ ብትታዪ ምን ነበረበት?» ብዬ የገሠጽኩ ሴትዮ፣ የራሴ ሲሆን ምላሴ ተሳሰረ። ቆዳው ሲቆስል ነው የማህፀን ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ቆንጥራ ናሙና ወሰደች፤ ናሙናውም ወደ ገዛ ክፍሌ መጣ።

እኛ ዘንድ የሠራተኛ ናሙና ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ውጤቱም የክፍል ኃላፊያችን በምትይዘው ሌላ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ደንቡን ያስወጣሁት እኔው ነኝ። ቁጥሬን የነገርኩት ለአንድ ሰው ነበር፤ ለዚህችው ኃላፊያችን፣ ሃያ ዓመት ምሳ አብሬያት ለበላሁት፣ እህቴ ለምላት።

በየጠዋቱ «እህትዓለም፣ ወጣ?» እላታለሁ። «ገና ነው፣ አትጨነቂ።» እናንተ ደግሞ ድንገት ደግ ሆናችሁ። ሻይ የሚያመጣልኝ በዛ። የጡረታ ፍቅር መስሎኝ ነበር፣ ሞኟ!

ትናንት ርክክብ ነበር። ሳስረክብ የሠራተኞቹንም መዝገብ ሳይቀር መስመር በመስመር እንደምፈትሽ እንዴት ረሳችሁት? ከቁጥሬ ትይዩ «ውጤት ወጥቷል» ይላል። ከወጣበት ቀን ጀምሮ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ቀን።

እህትዓለምን «ምነው?» ስላት አለቀሰች። «ሽኝትሽ እንዳይበላሽብሽ ብለን ነው።»

ብለን! ስንት ሆናችሁ ነው?

ከድታችሁኛል። ሌላ ስም አጣሁለት። በሽታ ከሆነ ማንም አላመጣብኝም፣ ማንንም አልቀየምም። አሥራ ሁለቱን ቀን ግን የወሰዳችሁብኝ እናንተ ናችሁ። ምናልባት ያስፈልጉኝ ነበር። ውጤቱ ያለበትን ፖስታ ትናንት ከመሳቢያዋ አውጥታ ልትሰጠኝ ስትል አልተቀበልኳትም። እኔ ሳላውቀው ሁላችሁ ያወቃችሁትን፣ ሁላችሁ ፊት ልውሰደው ብዬ ነው።

እረግማለሁ ብላችሁ ፈርታችሁ ከሆነ፣ አልችልበትም፤ ግማሻችሁን ሥራ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። የእናቶቻችሁ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አይክረምባችሁ። የምታምኑት ሰው «ገና ነው» ሲላችሁ፣ እውነትም ገና ይሁንላችሁ።

እህትዓለም፣ ነይ እንግዲህ፣ ፖስታዬን አምጪ። መዝገቡንም ያዢልኝ፤ «ባለቤቷ ተረክባለች» ብዬ የምፈርምበት አንድ መስመር ቀርቶኛል።