ሴትየዋ ኃጢአት ሠራች?

ከሚልፒታስ ወደ ኦክላንድ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠችውን የማያውቋትን ተማሪ አናገሯት።

«ምን መጽሐፍ ነው እንዲህ የሚያስለቅስሽ?»

«ልብ ወለድ ነው እማማ፣ ለክላስ። ከጌታው ያመለጠ ባሪያ አንዲት ክርስቲያን ሴት ቤት ይደበቃል። ፈላጊዎቹ ሲመጡ ‹እዚህ የለም› ብላ ማለች። ቲቸሯ ‹ሴትየዋ ኃጢአት ሠራች?› የሚል ኤሴይ ሰጠችን።»

«ምን ጻፍሽ?»

«አይ ዶንት ኖው። እርስዎ ቢሆኑስ?»

«እኔማ ምያለሁ። በደርግ ጊዜ የጎረቤቴን ልጅ አልጋዬ ሥር ደብቄ፣ ወታደሮቹን ‹በማርያም፣ የለም› አልኳቸው።»

«ንስሐ ገቡ?»

«እያለቀስኩ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው።»

«ምን አሉዎት?»

«‹ልጁ በሕይወት አለ?› አሉኝ። ‹አለ› አልኩ። ‹እንግዲያው ሂጂና ምሳውን አብዪው› አሉኝ።»

እኚያ እናት ሲወርዱ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ ነሣኋቸው።