ንዴቱን ለቤቱ የሚያጠራቅም ሰው

ደምለው ጣሊያን መተማ ላይ በከፈተው አንድ ትንሽ ባንክ ጸሐፊ ነበር። አለቃው ቀን በጮኸበት ቁጥር እሱ ማታ በሚስቱ በአገኘሽ ላይ ይጮኻል። ትናንት ግን ጩኸቱ አልበቃውም፤ ገና ከምድጃ የወረደ ወጥ ወርውሮ እጇን አቃጠላት።

ጧት ጎረቤቷ ኩብራ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ገባች። ደምለው ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቷል፤ እንደነቃ ግን አገኘሽ ከትንፋሹ ዐውቃለች። ልብሷን እየጠቀለለች ድምጿን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«ደህና አደርሽ ኩብራዬ? ይሄ ሙቀት አሁን ሰው ያስተኛል? ባልሽ ኸሊልስ ደህና ነው? ሱቁስ?... እጄን ነው የምታይው? ተይው እቴ፣ ወጡ ነው፤ በራሱ ዘሎ...

«ስሚማ፣ አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ባንክ ነው የሚሠራ። ምን ያለ ጨዋ መሰለሽ! ፈረንጁ ሲያንባርቅበት እንደ ስንደዶ እጥፍ ብሎ ‹ሲ ሲኞሬ፣ እሺ ጌታዬ› ይላል አሉ። የሰደበውን የሚያመሰግን ሰው ዛሬ የት ይገኛል?... ቆጣቢነቱስ! ንዴቱን እዚያ አያባክናትም። ቀኑን ሙሉ ያጠራቅምና ማታ ከነወለዱ ለሚስቱ ያመጣላታል። ያንቺ ኸሊል ምን ያመጣል? ስኳር። ስኳርማ ያልቃል...

«ጀግንነቱንስ ብነግርሽ? የአርማጭሆ ጎበዞች ጠላት ፍለጋ በረሃ ለበረሃ ይንከራተታሉ። ምን አንከራተታቸው? እሱ ማጀት ገብቶ ይዘምታል፤ እንስራ ይማርካል፣ ድስት ይጥላል። አንድም ቀን ቆስሎ አያውቅም እኮ!...»

ኩብራ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ሲጥጥ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አገኘሽ ይህን ድምፅ ስትሰማ ቃሏን ትውጠው ነበር። ዛሬም ልቧ ደነገጠ፤ እጇ ግን ጥቅልሉን ማሰሩን አልተወም። ወንድሟ አዛናው እናታቸው ወደምትኖርበት ወደ ሽንፋ ሊወስዳት በቅሎ ጭኖ ደጅ ቆሟል።

ደምለው ባዶ እግሩን ወጣ። ጥቅልሉን አየ፤ በበሩ በኩል በቅሎዋን አየ።

አገኘሽ ዞር ብላ አላየችውም። ኩብራን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት።

«ያን ሰው ካገኘሽው መርቂልኝ እሺ? እግዜር ዕድሜ ይስጠው፣ ሹመቱን ያብዛለት፣ ደመወዙንም ከፍ ያድርግለት... እንግዲህ የሚጮኽበት ሰው መቅጠሩ አይቀርም፤ በነጻ ይጮኽባት የነበረችው ሄደችበት።»