ከኒም ጥላ ሥር የተነፋ ፊሽካ

«መጂዳ፣ ዘንድሮ ሙቀቱ አልባሰም? የመተማ ፀሐይ ድሮም ፀሐይ ነው፤ የዘንድሮው ግን... ለሰው አያዝንም። ስኳር ልጨምርልሽ?»

ካሰች ይህን ያለችው ጎረቤቷን መጂዳን እያየች ነው። ድምጿን የላከችው ግን ሻይ በምትሸጥበት የሣር ዳስ፣ በራኩባዋ ጥግ ጀርባውን ሰጥቷት ሻይ ወደሚጠጣው ሰው ነበር። ሰውየው ትናንት የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ዳኝቶ፣ ተጋጣሚ ወደ ቅርጫቱ የወረወረውን፣ ወንድሟ አምባው ዘሎ የመለሰውን ኳስ «ፋውል!» ብሎበታል። ለአምባው አምስተኛው ፋውል ነበርና በሕጉ መሠረት ከሜዳ ወጣ፤ ቡድኑም ተሸነፈ። ያሸነፈው ቡድን ጎንደር ሄዶ፣ ተጫዋች በሚመርጡ አሰልጣኞች ፊት ሊጫወት ነበር። አምባው አሁን ጎንደር ቀርቶበት፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ አብደራፊ ሊሄድ ልብሱን እያጠፈ ነው። ካሰች አንጀቷ አርሯል። ሆኖም ሳቅ ሳቅ እያለች ሻይዋን ትቀዳለች።

«ትናንት ጨዋታው ላይ አልነበርሽም አይደል? ቀረብሽ! እንዲያ ያለ ዳኝነት በዕድሜሽ አታይም። ጓድ ዳኛ... ስም ምን ያደርጋል? ስም የሚጠራው ለሐሜት ነው፤ እኔ ላመሰግን ነው። ሕጉን እኔም አላውቀው፤ አምባው ነው በብርጭቆ ያስተማረኝ። እስቲ ብርጭቆሽን ከፍ አርጊው። ይኸ ኳስ ነው እንበል። ከላይ መጥቼ ብርጭቆውን ብመታ ጥፋት የለብኝም። የያዙትን ጣቶችሽን ብነካ እንኳ ምንም አይደል፤ ኳስ ላይ ያለ እጅ እንደ ኳስ ነው ይላሉ። ክንድሽን ከመታሁ ግን ፋውል! እንግዲህ ዳኛ የሆነ ሰው ወደ ጎን ሮጦ፣ በእጄና በክንድሽ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት አለበት። ሌላው ዳኛ ቢሆን ሲሮጥ ላቡን ያፈስ ነበር። ጓድ ዳኛ ግን... ምን በወጣቸው! ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከባላጋራ ደጋፊዎች ጋር ተጠልለው፣ ኳሱን ከወረወረው ልጅ ጀርባ ቆመው ፈረዱ። በሰው ጀርባ አሳልፎ የሚያይ ዓይን ለስንት ሰው ተሰጥቷል?

«ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይሉ ነበር አባቶቻችን... ምስኪኖች! ጆሮ ሰምቶ ፊሽካ እንደሚፈርድ መች አወቁ? ‹ጧ› ሲል ሰሙ፣ ነፉ፣ አለቀ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ ፊሽካም በተጠለለበት... ኧረ ስለ ፊሽካ ነው የማወራ፣ ምን ያስቅሻል?»

ካሰች ጎንበስ ብላ ከአግዳሚው ሥር ኳሱን አወጣች። ቀበሌው ያለው ኳስ እሱ ብቻ ነው፤ ሲቀደድ አምባው በትራክተር ጎማ ቁራጭ ለጥፎታል።

«ይኸ ኳስ ደሞ አመል አለው። ልጥፉን በመዳፍ ሲያገኙት...»

አጮለችው። ጧ! የሰው ክንድ በጥፊ የተመታ ይመስል ነበር። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ እጁ ሳያስበው አንገቱ ላይ ወደተንጠለጠለው ፊሽካ ሄደ። መጂዳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አየሽ? ማን ተነካ? አንች ተነካሽ? እኔስ? እዚህ ቤት... የተነካ ሰው አለ እንዴ?»

ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ካሰች ዓይኗን ከመጂዳ ላይ አላነሣችም፤ ድምጿ ግን ማር ማር አለ።

«ይልቅ ባለቤታቸው ድርስ ናት አሉ፤ እሰይ! ማርያም በሽልም ታውጣት። ወንድ ልጅ ይስጣቸው። እንደ አምባው ቁመቱ የሚመዘዝ፣ ዘሎ የሰው ገላ ሳይነካ ኳስ የሚያወርድ። አድጎ ጎንደር ሊመረጥ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ደግሞ... ልክ እንደ አባቱ ያለ ዳኛ ይዘዝለት። አሜን በይ እንጂ፣ መጂዳ!»